ነባር መርከብ ተቀድቶ የሚሠራ ፍሪጌት እንዴት ሦስት ዓመት ይዘገያል?

የከዚራ ልጅ (ድሬዳዋ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በ2020 (በፈረንጆች) ኮንስተሌሽን የተባለውን ፍሪጌት (መካከለኛ የጦር መርከብ) ሲያዝ፣ ጊዜና ገንዘብ ለማዳን ብሎ መነሻ ያደረገው ፍሬም (FREMM) የተባለውን የጣሊያን ፍሪጌት ንድፍ ነበር። ፍሬም የተፈተነች መርከብ ናት፤ በዲሴምበር 2023 እዚሁ ቀይ ባሕር ላይ ሁለት ድሮን መትታ የጣለችው የፈረንሳይ ላንግዶክ የዚሁ ቤተሰብ ነች። የኮንስተሌሽን የመጀመሪያዋ ግን ከ2026 ወደ 2029 ተገፋች፤ በኖቬምበር 2025 ደግሞ ከታዘዙት ስድስቱ አራቱ ተሰረዙ። «ክብደቷ ከ10 በመቶ በላይ ጨመረ» ይባላል። ውሃ ላይ ለሚንሳፈፍ ነገር ጥቂት መቶ ቶን ምን ያህል ቢከብድ ነው?

ቱንቢ፦ አቦ፣ ዋናው ነገር ክብደቱ የተቀመጠበት ከፍታ ነው። 50 ኩንታል ሲሚንቶ ወለሉ ላይ የጫነ አይሱዙና ያንኑ 50 ኩንታል ሽንኩርት ከስፖንዳው በላይ የቆለለ አይሱዙ ሚዛን ላይ እኩል ናቸው። ደንገጎ ኩርባ ላይ ግን እኩል አይደሉም። የጦር መርከብ ደግሞ ራዳሩም መድፉም ወደ ላይ ነው።

መርከብ ስታዘነብል ቀና የማለት አቅሟ እንዴት እንደሚለካ ልንገርህ። መርከቧ ነፋስ በሌለበት ሰዓት፣ በረጋ ውሃ፣ ገመዷ ላልቶ ትቆማለች። ታንከሮቿ ወይ ጢም ይላሉ ወይ ባዶ ይሆናሉ፤ ግማሽ የሆነ ውሃ ወደሚያዘነብለው ጎን ስለሚሮጥ ልኬቱን ያበላሻል (ግማሽ የጫነ ቦቴ ኩርባ ላይ የሚያስቸግረው ለዚሁ ነው)። ከዚያ 6 ሜትር ክር ያለው ቱንቢ ይሰቀላል፤ መወዛወዙን እንዲተው ጫፉ ዘይት ባለው ገንዳ ውስጥ ይነከራል። 20 ቶን ብረት 10 ሜትር ወደ ጎን ይገፋል። መርከቧ 6,000 ቶን ብትሆንና ቱንቢው 20 ሳንቲም ቢሸሽ፦ 20 በ10 ሲባዛ 200። 0.20 ሜትር ለ6 ሜትር ሲካፈል 0.033፤ ይህ በ6,000 ሲባዛ እሱም 200። 200 ለ200 አንድ ሜትር። ስታዘነብል መልሶ ቀና የሚያደርጋት አቅም የሚለካው በዚህች አንድ ሜትር ነው።

አሁን 300 ቶን፣ ከክብደቷ ማዕከል 7 ሜትር ከፍ ብሎ ጨምር። 300 በ7፣ ለ6,300 ሲካፈል 33 ሳንቲም። ሌላው እንዳለ ቢቆይ ከዚያች ሜትር ሲሶው ሄደ ማለት ነው! ከታች ማካካሻ ክብደት ብታስቀምጥ ቀና ትላለች፤ ግን ይበልጥ ትሰምጣለች፣ ፍጥነቷም ይቀንሳል። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ከዓመታት በኋላ ለሚመጣ አዲስ ራዳር የተተወው ትርፍ አቅም ገና ባሕር ሳትነካ ያልቃል።

ለገሃሬ፦ ቱንቢ ያለው ልክ ነው፤ ግን ክብደቱ ከየት መጣ? መቅዳቱ ቀርቶ ነው። መጀመሪያ 85 በመቶ ከፍሬም ጋር አንድ ትሆናለች የተባለው ከ15 በመቶ በታች ወረደ። ርዝመቷ 7 ሜትር ገደማ ጨመረ፣ ከአፍንጫዋ ሥር የነበረው ሶናር (ውሃ ውስጥ ያለን ነገር በድምፅ የሚፈልግ መሣሪያ) ወጣ፣ የአሜሪካ የጉዳት መቋቋም ደረጃም ተጨመረ። አንድ ግድግዳ ሲነሳ ኬብሉ፣ ቧንቧው፣ አየር ማስተላለፊያው፣ የእሳት መከላከያ ክፍሉ አብሮ ይነሳል።

ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ ቢያልቅ ባልከፋ። ንድፉ ሳይጠናቀቅ በኦገስት 2022 ብረት መቁረጥ ተጀመረ። መርከብ የሚሠራው በብሎክ (ለየብቻ ተሠርተው በሚገጣጠሙ ትልልቅ ክፍሎች) ነው፤ ቧንቧና ኬብል ብሎኩ ሳይገጠም በፊት ይገባል። በመርከብ ሠሪዎች የቆየ ልምድ፣ ወርክሾፕ ውስጥ 1 ሰዓት የሚፈጅ ሥራ ብሎክ ላይ 3፣ ከተገጠመ በኋላ 8 ሰዓት ይወስዳል። ምክንያቱም መጀመሪያ ኬብሉ ይወጣል፣ የሙቀት መከላከያው ይላጣል፣ እሳት የሚጠብቅ ሰው ይቆማል፤ ከዚያ ተቆርጦ ይበየዳል፣ ብየዳው ይፈተሻል፣ እንደገና ቀለም ይቀባል።

የከዚራ ልጅ፦ ገባኝ፣ አመሰግናለሁ። ታዲያ የሌላ አገር ንድፍ ገዝቶ በትክክል የሚሠራ የለም?

ለገሃሬ፦ አውስትራሊያን ተከታተል። በ2025 የጃፓንን የተሻሻለ ሞጋሚ ፍሪጌት መርጣለች፤ 11 ይሠራሉ፣ የመጀመሪያዎቹ 3 እዚያው ጃፓን፣ ንድፉን እምብዛም ሳይነኩ። የመጀመሪያዋ የምትጠበቀው በ2029 ነው። እስከዚያ የሚታየው አንድ ነገር ነው፦ «ይህችን ብቻ እንቀይር» የሚል ደብዳቤ ስንት ጊዜ ይጻፋል።