«ባይ» ወይስ «አንቲል»? ሁለቱም የእንግሊዝኛ ቃላት «እስከ» ሆነውብኛል

ለአንድ የውጭ ደንበኛ «እስከ 11 ሰዓት ቢሮ አለሁ» ለማለት «አይ ዊል ቢ ኢን ዚ ኦፊስ ባይ ፋይቭ» ብዬ ጻፍኩ። ሰውዬው ልክ 11 ሰዓት ከች አለ። እኔ ታክሲ ሰልፍ ላይ ነኝ! ለካ «ባይ» ሲሆን 11 ሰዓት ሳያልፍ እገባለሁ ማለት ኖሯል። እስከዚያ መቆየቱ «አንቲል» ነው።

ከዚያ በኋላ ለቀነ ገደብ «ባይ»፣ ለሚቆይ ነገር «አንቲል» እያልኩ ያዝኩት። ይሠራል። አሉታዊ ዓረፍተ ነገር ሲመጣ ግን ተምታታብኝ። አለቃዬን ሪፖርቱን «እስከ አርብ አልጨርስም» ልላት ነው፤ አርብ ሲደርስም አያልቅም ለማለት። የቱን ልጻፍላት፦ «አይ ዎንት ፊኒሽ ባይ ፍራይዴይ» ወይስ «አንቲል ፍራይዴይ»?