አንድ ታካሚ፣ አራት መምህር፦ አብሮ ስለማስተማር ለዲኑ የምናቀርበው ረቂቅ

የረቂቁ ጸሐፊ (ፊዚዮሎጂ)፦
ባልደረቦች፣ ሰላም። ወረቀቱ እስከ ሐሙስ ማለቅ አለበት። አደራ፣ «ድር ቢያብር» ብለን እንዳንጀምር። እንደዚያ የሚጀምር ወረቀት ዲኑ ብዙ አይተዋል።

ነገሩ ከየት እንደተነሳ ላስታውስ። የዛሬ ሁለት ዓመት ለፒሲ ዋን (ገና ዋርድ ላልገቡ የሕክምና ተማሪዎች) ስለ ልብ ግፊት ሦስት ሰዓት አስተማርኩ። ቦርዱን በግራፍ ሞላሁት። ሰሞኑን ከእነዚያ ልጆች አንዷን ዋርድ አገኘኋት። ሚትራል ስቴኖሲስ (የግራ ልብ ቫልቭ መጥበብ) ያለባት ታካሚ ጋደም ስትል ለምን ትንፋሽ እንደሚያጥራት ጠየቅኳት። «እሱን ገና አልተማርንም» አለችኝ። ያስተማርኳት እኔ ነኝ!

ሐሳቤ ይኸው፦ በየብሎኩ (በየትምህርቱ ምዕራፍ) አንድ የጋራ ኬዝ፣ ማለትም ሁላችንም የምናስተምርበት የአንድ ታካሚ ታሪክ ይኑር። መጀመሪያው ሪውማቲክ የልብ ሕመም ይሁን፤ ዋርዳችን ውስጥ ሁሌም አለ። አናቶሚ ቫልቩን ያሳያል፣ እኔ ግፊቱን፣ ፓቶሎጂ ጠባሳውን፣ ውስጥ ደዌ ሕመሙን። የራሱን ተናግሮ ውልቅ የሚል የለም። አራታችንም እስከ መጨረሻው እንቀመጣለን። ደግሞም አንዳችን የሌላችን ክፍል እየገባን እንተያይ።

ከውስጥ ደዌ፦
ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ችግሩ ሰዓት ነው። ጠዋት ሞርኒንግ (የሐኪሞች ስብሰባ)፣ ከዚያ ራውንድ (ዋርድ ታካሚ መጎብኘት)፣ ከሰዓት ክሊኒክ። ከ11 ሰዓት በኋላ ወዴት እንደምንሮጥ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን፤ ወረቀቱ ላይ ግን አይጻፍ። ረቡዕ ከሰዓትን ክሊኒክ ካልነካብን እመጣለሁ።

ከማህፀንና ጽንስ፦
እኛንስ ረሳችሁን? ያቺው ታካሚ ብታረግዝ ደሟ ይጨምራል፣ የልብ ምቷ ይፈጥናል። በጠበበው ቫልቭ ደም የሚያልፍበት ጊዜ ያጥራል፣ ሳንባዋ ውሃ ይቋጥራል። በሽታ እንዳለባት መጀመሪያ የምታውቀው እኛ ጋ መጥታ ሊሆን ይችላል። አምስተኛ ወንበር ጨምሩ።

ከአናቶሚ (ሌክቸረር)፦
ሁለት ነገር አለኝ። አንደኛ፣ ሎዱ (የሚቆጠረው የማስተማር ሰዓት) የማን ነው? በእኛ ትምህርት ክፍል አንድ ሰዓት የሚቆጠረው ለአንድ ሰው ነው። አምስት ሰው ገብቶ ለአንዱ ብቻ ከተቆጠረ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያ አንዱ ብቻውን ይቀራል።

ሁለተኛው ትንሽ ያሳፍራል፤ ቢሆንም ልናገረው። እኔ ኤምዲ (የሕክምና ዶክተርነት ዲግሪ) የለኝም። ክሊኒካል ስታፍ ፊት ቆሜ ብሳሳት እዚያው ተማሪው ፊት እንዳልዋረድ እፈራለሁ። እንደ እኔ የሚፈራ ብዙ ነው።

ከቀዶ ሕክምና (ፕሮፌሰር)፦
ልጄ፣ ደግ አደረግህ ተናገርክ። እኔም ብራኪያል ፕሌክሰስን (ወደ ክንድ የሚሄዱትን ነርቮች መረብ) ጠይቀኝ እስቲ፤ ግማሹን ረስቼዋለሁ። ያን ቀን አንተ ታርመኛለህ።

እርስ በርስ ክፍል ገብቶ መተያየትም ይግባ ብላችኋል። እደግፋለሁ፤ ፎርም ግን እንዳይኖረው። ኤችዲፒ (የመምህራን የማስተማር ሥልጠና) ስንወስድ ሁላችንም ለሁላችንም «በጣም ጥሩ» ብለን ሞላንና ፖርትፎሊዮ ውስጥ ከተትነው። ከክፍል ሲወጡ ሻይ ይጠጣና አንድ ነገር ብቻ ይባል፦ «እዚህ ጋ ጠፍቼብሃለሁ»። በቃ።

ደግሞ ይህን ጨምሩ። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሱንና ሳኒቴሪያኑን (የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያውን) በአንድ ቡድን ጤና ጣቢያ ይልክ ነበር። ጅማም ተማሪ በቡድን ትልካለች። ተማሪውን በቡድን ሥራ እንለዋለን፤ እኛ ለየብቻችን እናስተምራለን። ወረቀቱ ከዚህ ቢጀምርስ?

ከውስጥ ደዌ (ሬዚደንት)፦
እኔ ተማሪም አስተማሪም ስለሆንኩ አንድ ነገር ልበል። ታካሚዋን አዳራሽ እንዳናስገባት። አምስት መምህርና መቶ ተማሪ መሃል ማን ይቀመጣል? ፈቃዷን ጠይቀን ታሪኳንና የልብ ድምጿን እንቅዳ፤ ስሟ አይነገር። ዋርድ ደግሞ ተማሪዎቹ በትንሽ በትንሹ ተከፍለው ይግቡ።

የረቂቁ ጸሐፊ፦
ገብቷል። መግቢያው የፕሮፌሰር ነው። ፎርሙ ወጥቷል፣ የታካሚ ፈቃድ ገብቷል፣ ወንበሩ አምስት ሆኗል። የፈተና ጥያቄዎቹንም አምስታችን ከፈተናው በፊት አብረን እናነባለን፤ «ከሚከተሉት ውስጥ ያልሆነው የቱ ነው» እያልን ልጆቹን ማሰቃየት ይብቃን።

ሎዱን እንዲህ ጻፍኩት፦ «በጋራ ክፍል ውስጥ እስከ መጨረሻው ለተገኘ መምህር ሁሉ ሙሉ ሰዓት ይቆጠርለት።» ዲኑ እዚህ ላይ ይከራከሩናል። አናቶሚ፣ ሐሙስ አብረኸኝ ግባ። ይህን ነጥብ ከአንተ አፍ ይስሙት።