«ሙጫ ጥገና አይደለም» ለተባለው፦ የተሰነጠቀ የዳሽቦርድ ማዞሪያ ያለው መኪና ቦሎ ይከልከል?

የቪጎው፦
«ሕጉ ይከበር» ትናንት እዚሁ የጻፈው ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ቃል በቃል ይኸው፦ «በሙጫ የተያዘ ማዞሪያ ያለው መኪና ቦሎ ሊሰጠው አይገባም። ሙጫ ጥገና አይደለም፣ ማታለል ነው።» ማንን ነው የሚያታልለው? ቶዮታ ቪጎ ላይ ያሉት ሦስቱ የኤሲ ማዞሪያዎች ከኋላቸው ዘንጉ የሚገባበት አንገት አላቸው። ቀዳዳው አንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰነጠቀው አንገቱ ነው፤ ስንጥቁም ጠፍጣፋው ከክቡ ከሚገናኝበት ጥግ ይጀምርና እንደ ፀጉር ቀጥኖ ወደ ታች ይወርዳል። ፊቱ ደህና፣ ምልክቱ ደህና። ለዚያች ስንጥቅ ሙሉ ፓነል ይገዛ?

ሕጉ ይከበር፦
ያልኩትን አልክድም። ጣርማ በር ላይ ጭጋግ ሲወርድ የፊት መስታወት ወዲያው ይሸፈናል። አየሩን ወደ መስታወት የሚመራው ማዞሪያ ዘንጉ ላይ በባዶው ከዞረ ሾፌሩ ምን ያያል? በሱፐር ግሉ ያጣበቀው ሰው ግን «ይሠራል» ብሎ ለገዢ ወይም ለተከራይ ያስረክባል። ይህ ማታለል ካልሆነ ምንድን ነው?

ጋሼ ካምቢዮ፦
ልጆች፣ የተሰበረውን እንጂ የሰበረውን አላያችሁም። የሙቀቱና የአቅጣጫው ማዞሪያ ከኋላ ኬብል ይጎትታል። ኬብሉ ወይም ጫፉ ላይ ያለው የአየር በር አቧራ ሲጠጣ ይከብዳል፣ በሁለት ጣት መዞር የነበረበት በሙሉ እጅ ይታገላል፣ ፕላስቲኩ ይሸነፋል። ኦሪጅናል ብታደርጉለትም በዚያው ጥግ ይሄዳል። ማዞሪያውን ንቀሉና ዘንጉን በጨርቅ ጠቅልላችሁ በፒንሳ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ከከበደ ኬብሉን ከማሞቂያው ሳጥን በኩል ፈታችሁ ለብቻው ሳቡት። ኬብሉ ቀሎ በሩ ከከበደ የበሩ ዘንግ ላይ ሲሊኮን ስፕሬይ፤ ኬብሉ ራሱ ከከበደ መቀየር ነው። የኬብሉ ማያዣ የነበረበትን ቦታ ሳትፈቱ በማርከር ምልክት አድርጉበት፣ አለዚያ ማዞሪያው ቀዝቃዛ ላይ ሆኖ ሙቅ ይነፍሳል።

የሶማሌ ተራው፦
ጋሼ እውነት ብለዋል። ስለ መግዛቱ ግን ልናገር። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ጥር 2016 ከተነገረ፣ ብር ደግሞ ሐምሌ 2016 በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀ ወዲህ ሰው ያለውን መኪና ነው የሚያቆየው። ማዞሪያው ለብቻው ተፈልጎ የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። ከተፈታ መኪና የሚወጣውም ያው ፀሐይ የበላው ፕላስቲክ ነው፤ ዘንጉ ላይ ሲጫኑት እዚያው ይሰነጠቃል።

ሕጉ ይከበር፦
የዶላር ጉዳይ ሌላ፣ የሰው ሕይወት ሌላ። ወደ ማታለሉ እንመለስ።

የቪጎው፦
እንመለስ። ሥራውን ልጻፍልህና የቱ ጋ እንደሚያታልል አሳየኝ።
ማዞሪያውን በካቻቢቴ ከአንድ ጎን አትፈልቅቅ፤ ጠንካራ ክር ወይም የጨርቅ ጥብጣብ ከኋላው አሳልፈህ ቀጥ አድርገህ ሳበው። ውስጡ ስስ የብረት ምላስ ካለ እንዳይጠፋ፣ ዘንጉ ላይ ማጥበቂያው እሱ ነው። ከጠፋ ከአሮጌ የብረት ሜትር ጠባብ ቁራጭ ተቆርጦ በጥቂቱ ጎበጥ ተደርጎ ይገባል። ከዚያ የፕላስቲኩ ዓይነት ተጽፎ እንደሆነ ጀርባውን እይ። ኤቢኤስ (ABS) የሚል ከሆነ ሱፐር ግሉ ይይዘዋል። ፒፒ (PP) ወይም ፒኦኤም (POM) ከሆነ ያለ ፕራይመር፣ ማለትም ከሙጫው በፊት ከሚቀባው ፈሳሽ ውጭ፣ አይዝም፣ ጊዜህን አታጥፋ። በአልኮል አጽዳ። አሴቶን ኤቢኤስን ያቀልጣል፣ ቤንዚን ስንጥቁን ያባብሳል። ስንጥቁን በክር አስረህ ግጠም፣ ቀጭኑን ሱፐር ግሉ አንድ ጠብታ ጥግ ላይ አድርግ፣ ራሱ ይሰርጋል።
ብዙው ሰው እዚህ ያቆማል፣ የሚሰበረውም ለዚህ ነው። ሱፐር ግሉ ደረቅ ነው፣ መጠማዘዝ አይችልም። ክሩን ፍታ፣ አንገቱን ከውጭ በብርጭቆ ወረቀት አሻክር፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ ስድስት ሰባት ዙር ጠምጥም፣ በኢፖክሲ ሸፍን፣ 24 ሰዓት ተወው። ጉልበቱን የሚሸከመው የሽቦው ቀለበት ነው። ሙጫው ቀለበቱን ቦታ ላይ ያቆየዋል፣ ሌላ ሥራ የለውም። ስትጠመጥም ግን ውፍረቱን ተጠንቀቅ፤ አንገቱ ከፓነሉ ቀዳዳ ጋር ከተፋተገ ጥገናው ራሱ ማዞሪያውን ያከብደዋል።

ሰመራ መስመር፦
አዲስ አበባ ላይ ቆንጆ ነው። አዋሽን አልፈህ ውረድ። ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርዱ 70 እና 80 ዲግሪ ይደርሳል። በአምስት ደቂቃ የሚደርቁት ኢፖክሲዎች ብዙዎቹ ከ50 እና 60 ዲግሪ በላይ ይለሰልሳሉ። ሹፌሩ ገብቶ መጀመሪያ የሚነካው ደግሞ ያንኑ ማዞሪያ ነው።

የቪጎው፦
ለዚህ ነው 24 ሰዓት ያልኩት፤ ቀስ ብሎ የሚደርቀውን ተጠቀም። ቢለሰልስስ? ሽቦው አይለሰልስም።

ሕጉ ይከበር፦
አያችሁ? «ቢለሰልስስ» ተባለ። የማታለሉ መጀመሪያ ይኸው ነው፣ ሙጫው እንደሚለቅ እያወቁ መሸጥ።

ሠላም ዲዛይን፦
ለምን ሙጫና ሽቦ ላይ ተጣበቃችሁ? ዘንጉን በካሊፐር ለክቶ በስሪዲ ፕሪንተር ማተም ይቻላል። ቀዳዳውን ከዘንጉ 0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር አስፍቶ፣ ጥጉን በጥቂቱ አክብቦ። ኦሪጅናሉ የሚሰነጠቀው ጥጉ ስለት ስለሆነ ነው፤ በማተም ያንን ጉድለት ራሱን ማስቀረት ይቻላል።

ሰመራ መስመር፦
እህቴ፣ በምን ፕላስቲክ? ገበያ ላይ የሚታተመው ሁሉ ፒኤልኤ ነው፤ ፒኤልኤ 60 ዲግሪ ላይ ይጎብጣል። ከኢፖክሲውም የባሰ።

ሠላም ዲዛይን፦
ፒኤልኤ መች አልኩ? ለመኪና ውስጥ ኤቢኤስ ወይም ኤኤስኤ ነው፣ ሁለቱም 100 ዲግሪ አካባቢ ድረስ ይይዛሉ። ፒኢቲጂ 80 አካባቢ ስለሆነ ለደጋ ይበቃል። ሌላው፣ አንገቱ ቆሞ ከታተመ ንብርብሮቹ በዘንጉ ተሻጋሪ ስለሚሆኑ ሲጠማዘዝ በንብርብሩ ይቆረጣል። ስለዚህ ግድግዳው ቢያንስ አራት መስመር ይሁን፣ ውስጡ ባዶ አይተው።

የሶማሌ ተራው፦
ፕሪንተሩ የሚያቀልጠው የኤኤስኤ ክር የት ይገኛል? ይህን ያለው ስንት ማተሚያ ቤት ነው? አሁንም ወደ ዶላሩ ተመለስን።

ሠላም ዲዛይን፦
ስለሌለ ሙጫ ይሻላል ማለትዎ ነው?

የሶማሌ ተራው፦
ላለው ሰው ያለው ይሻላል። ቤኪንግ ሶዳ ላይ ሱፐር ግሉ ሲንጠባጠብ ወዲያው ይጠነክራል፣ የጎደለ ቁራጭ በእሱ ተሞልቶ በሞረድ ይስተካከላል።

ጋሼ ካምቢዮ፦
ለመሙላት እንጂ ለመሸከም አይሆንም፣ እንደ ጠመኔ ነው የሚሰበረው። ሲደርቅም ያቃጥላል፣ ትነቱ ጥቁሩን ፕላስቲክ ነጭ ያለብሰዋል። ማንም ደግሞ ማዞሪያውን ዘንጉ ላይ ሰክቶ ሙጫ እንዳይጨምር፤ ዘንጉን ተከትሎ ማብሪያው ውስጥ ይወርዳል፣ ያኔ ሙሉ ፓነል መግዛት ግዴታ ይሆናል። ከመኪናው ውጭ ነው የሚሠራው።

ሕጉ ይከበር፦
የኤሲው ይቅር እሺ። ፕራዶ 150 ላይ የአራቱን ጎማ ኃይል ከፈጣኑ (ኤች 4) ወደ ዝግተኛው (ኤል 4) የሚቀይረው ማዞሪያስ? ጭቃ ውስጥ የገባ ሾፌር ማዞሪያው ተንሸራቶ ኤል 4 የገባ መስሎት ቢረግጥስ?

የቪጎው፦
ዳሽቦርዱ ላይ መብራት አለ። ቆመህ፣ ማርሹ ኤን (ኒውትራል) ላይ ሆኖ ነው የሚዞረው፤ መብራቱ ካልተረጋጋ አልገባም ማለት ነው። እሱ ማዞሪያ ደግሞ ኬብል አይጎትትም፣ ኤሌክትሪክ ነው፣ ጉልበት አያርፍበትም።

ሰመራ መስመር፦
መብራቱ ስላልገባ ነገር ይነግርሃል እንጂ አያስገባልህም። ለኤሲው ሙጫ ባልከለክልም ይህንኛው አዲስ ይሁን እላለሁ።

ሕጉ ይከበር፦
ስለዚህ ሙጫ ጥገና ያልሆነበት ቦታ አለ። አመሰግናለሁ።

የቪጎው፦
አትጠምዝዝ። አንተ «ቦሎ ይከልከል» ነው ያልከው፣ ለሁሉም። ተቆጣጣሪው ማዞሪያ ነቅሎ ሙጫ ይፈልግ? ሞተሩ ተነስቶ እያንዳንዱን ከጫፍ ጫፍ ያዙረው፣ እጁን መስታወቱ ሥር አድርጎ አየሩን ይፈትሽ። ከሠራ ሠራ።

ሕጉ ይከበር፦
በምርመራው ቀን የሚሠራ በማግስቱ ይለቃል። የኔ ጥያቄ እሱ ነው፣ እስካሁን የመለሰልኝ የለም።

ጋሼ ካምቢዮ፦
አዲሱስ በማግስቱ አይሰነጠቅም? ኬብሉን ያላየ ተቆጣጣሪ ምንም አላየም። ምርመራ ከተባለ የማላልፈው ሌላ ነው፦ የነፋሱ ፍጥነት ማዞሪያ አንገቱ ተሰንጥቆ ሳይሆን ቀልጦ ከተገኘ። ያ ማብሪያው ውስጥ ሙቀት አለ ማለት ነው። ሶኬቱን ንቀሉና እዩት፤ አንዱ የብረት እግር ቡናማ ሆኖ ፕላስቲኩ ከጎበጠ ማብሪያውና ሶኬቱ አብረው ይቀየራሉ። እዚያ ላይ ሙጫ የሚያስብ ሰው እሳት ይጠራል።

የሶማሌ ተራው፦
ሶኬቱ ከሽቦው ጋር ይገኛል፣ ከተፈታ መኪና ሲቆረጥ ግን ሽቦውን በረጅሙ አስተርፋችሁ ውሰዱ።

ሕጉ ይከበር፦
ከተፈታ መኪና? የሌላውን የተቃጠለ አምጥቶ መትከል ማለት አይደለም?

የሶማሌ ተራው፦
እግሩን አይተህ ትገዛለህ እንጂ ጨፍነህ ማን ግዛ አለህ!