ክልል «ጤፍ ከድንበሬ አይውጣ» ማለት ይችላል?

አወያይ፦ የዛሬው ጥያቄ ይህ ነው። አንድ ክልል፣ ወይም በሥሩ ያለ ወረዳ፣ ኬላ ላይ ገመድ ዘርግቶ «እህል ከዚህ አይወጣም» ወይም «በኩንታል ይህን ያህል ከፍለህ እለፍ» ቢል የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ይፈቅድለታል? ስድብና ብሔር ቆጠራ ይቅር፤ አንቀጽ ጥቀሱ።

ሚዛን፦ አይፈቅድም። አንቀጽ 51(12) የክልሎችን የእርስ በርስ ንግድና የውጭ ንግድን ለፌዴራሉ ሰጥቷል። አንቀጽ 55(2)(ለ) ደግሞ በዚሁ ጉዳይ ሕግ የማውጣቱን ሥልጣን ለተወካዮች ምክር ቤት አድርጎታል። ለክልል የሚተርፈው በ52(1) መሠረት ለፌዴራሉ ለብቻው ወይም ለሁለቱ በጋራ በግልጽ ያልተሰጠው ነው። ከአንዱ ክልል ገበያ ተጭኖ ወደ ሌላው የሚሄድ ጤፍ ያልተሰጠ ሥልጣን ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳ አይታየኝም።

ባለ 52፦ ቀስ ይበሉ እንጂ። እዚያው 52(2)(ሐ) ላይ ክልል የኢኮኖሚና የልማት ፖሊሲ አውጥቶ ያስፈጽማል ይላል። አንቀጽ 89(3) መንግሥት አደጋ እንዳይደርስ የመከላከል ግዴታ ይጥልበታል፤ በዚያ ምዕራፍ «መንግሥት» ማለት ክልልንም እንደሚጨምር 85(2) ተርጉሞታል። ዝናብ የቀረበት ክልል ዜጋው እየተራበ መኪና ሙሉ እህል ሲወጣ ቆሞ ይይ? ሌላም አለ፦ ፌዴራሉ በሥልጣኑ ካልሠራበት፣ ሕግ ካላወጣበት፣ ክፍተቱን ክልል ቢሞላው ምን ነውር አለው? አሜሪካኖቹ እንኳ ኮንግረስ እስኪናገር ድረስ ለክልሎቻቸው ብዙ ይተዋሉ።

ሚዛን፦ አሜሪካን መጥቀስዎ መልካም ሆነ፤ ጨርሰን እንጥቀሰው። የእነሱ ሕገ መንግሥት «ክልል በእርስ በርስ ንግድ አይግባ» የሚል ቃል የለውም፤ ዳኞቹ ናቸው ከዝምታው ያወጡት። እንዲያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1970 በፓይክ ጉዳይ አሪዞና «ሐብሐብ መሳዩን ካንታሎፕ ሳታሽጉ ወደ ካሊፎርኒያ አታሻግሩ» ብላ ስትከለክል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሻረባት። ገበሬው ማሸጊያው ድንበሩን ተሻግሮ 31 ማይል ላይ ነበረው፤ ትእዛዙን ለማክበር 200,000 ዶላር ገደማ አውጥቶ አሪዞና ውስጥ ሌላ መሥራት ነበረበት። በ1979 ደግሞ ኦክላሆማ ከወንዞቿ የተያዙ ትናንሽ ዓሣዎች ለሽያጭ እንዳይወጡ መከልከሏ ተሻረ።

የተፈቀደውንም ልናገር፣ አድልቷል እንዳልባል። በ2023 ካሊፎርኒያ እናቲቱ አሳማ ቢያንስ 24 ካሬ ጫማ ቦታ ካላገኘች ሥጋው እኔ ገበያ አይሸጥም ማለቷን ፍርድ ቤቱ አልሻረውም። ልዩነቱ ግልጽ ነው፦ ሕጉ የሚገዛው በራሷ ገበያ የሚሸጠውን ነው፤ ለራሷ ገበሬም ለውጪውም እኩል ነው። ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሄደውን ግን አልያዘችም።

ወደ ቤታችን ስንመለስ በክልል ላይ ያለው ክልከላ ይብሳል። ሕገ መንግሥታችን ክልል ክፍተት እንዲሞላ ሲፈልግ ይጽፈዋል። አንቀጽ 55(5) የፌዴራሉ የወንጀል ሕግ ያልሸፈነውን ክልል ሊደነግግ ይችላል ብሏል። በንግዱ ላይ እንዲህ ያለ ቃል የለም። ያለው በር 50(9) ነው፦ ፌዴራሉ የአንቀጽ 51 ሥልጣኑን ለክልል በውክልና ይሰጣል። ውክልናው የት አለ?

ሰነድ፦ ሁሉን ኬላ በአንድ ሙቀጫ አትውቀጡት። ቡና ያለ መሸኛ (የማጓጓዣ ፈቃድ ወረቀት) አይንቀሳቀስም፤ ይህ ግን በፌዴራል የቡና ግብይት ሕግ ላይ የቆመ ነው፤ ክልል መሸኛ ሲሰጥና ኬላ ላይ ሲጠይቅ ያንን ሕግ እያስፈጸመ ነው። የከብት በሽታ ሲነሳ እንስሳት ከአንድ ወረዳ እንዳይወጡ ማገድም በሽታው እስካለ ድረስ ይገባኛል። የጸጥታ ፍተሻም የክልል ፖሊስ ሥራ ነው። መለያዬ አንዲት ጥያቄ ናት፦ ፍተሻው አልቆ፣ መሣሪያም ኮንትሮባንድም ሳይገኝ፣ መኪናው አሁንም የቆመው በምን ምክንያት ነው? «ጭነቱ እህል ስለሆነ» ከተባለ ያ ኬላ ንግድ እያስተዳደረ ነው፣ ታፔላው ላይ ምንም ተጻፈ ምን።

ባለ 52፦ ክልከላውን ተውት እንበል። ክፍያውስ? 97(9) ክልል ለሰጠው ፈቃድና አገልግሎት ክፍያ እንዲወስን ፈቅዷል።

የሒሳብ ሰው፦ ኮቴን ነው የሚሉት፣ ጭነት ከያዘ መኪና የሚሰበሰበውን ክፍያ። 97(9)ን ሲያነብቡ 100(2)ን አይዝለሉ፤ የሚጣለው መጠን ከሚሰጠው አገልግሎት ጋር ተመጣጣኝ ይሁን ይላል። ከተማው መናኸሪያ ውስጥ ያራገፈ፣ ሚዛን የተጠቀመ፣ ያደረ መኪና ኮቴ ቢከፍል ነገሩ ያስኬዳል። ሳይቆም የሚያልፈው ግን ምን አገልግሎት አገኘ? አስፋልቱን እንዳይሉኝ፤ ሁለት ክልል የሚያገናኙ ዋና መንገዶች በ51(9) የፌዴራል ናቸው።

በቁጥር እንየው። 50 ኩንታል የጫነ አይሱዙ በኩንታል 20 ብር ቢጠየቅ 1,000 ብር ነው። ይህ አራት ቦታ ከተደገመ 4,000፤ በኩንታል 80 ብር። ነጋዴው ከኪሱ አይከፍለውም፤ ግማሹን ከገበሬው መግዣ ይቀንሳል፣ ግማሹን በላተኛው ላይ ይጨምራል። «ለገበሬያችን ስንል» የተባለው ኬላ ገበሬውን ራሱን ይቀጣል ማለት ነው። አገልግሎት የሌለው ክፍያ ደግሞ ስሙ ግብር ነው። በአንቀጽ 97 ዝርዝር ውስጥ በማለፍ ላይ የሚጣል ግብር አላገኘሁም። ያልተዘረዘረ ግብር ቢሆን እንኳ በ99 መሠረት የተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስናል፤ የወረዳ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት አይወስንም።

ባለ 52፦ ባላራገፈው መኪና ላይ እጅ ሰጥቻለሁ። የረሃቡ ጥያቄ ግን አልተመለሰም።

ሚዛን፦ ክልሉ ይግዛ። በኅብረት ሥራ ዩኒየኖች በኩል፣ በገበያ ዋጋ፣ በጀት መድቦ ያከማች፤ የገዛውን ለፈለገው ያከፋፍል። የአሜሪካዋ ደቡብ ዳኮታ ከራሷ ሲሚንቶ ፋብሪካ መጀመሪያ ለነዋሪዎቿ መሸጧ እ.ኤ.አ. በ1980 ተፈቅዶላታል፤ ንብረቷ ነዋ! የሌላውን ሰው ጆንያ መያዝ ግን ሌላ ነው። ነጋዴውም 41(1) አለው፤ በአገሪቱ በማንኛውም ቦታ ሠርቶ የመኖር መብት።

ባለ 52፦ ይሁን፤ ማን ይወስናል? ዳኛው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ አባላቱን የሚልኩት የክልል ምክር ቤቶች ናቸው። ክልል ተከሶ ክልል ሊፈርድ?

ሰነድ፦ የእርስዎ ጥርጣሬ ልክ ነው፤ የባሰው መሰናክል ግን ከዚያ በፊት ነው፤ የሚሻር ወረቀት አይገኝም። ትእዛዙ በቃል ወይም በስልክ ይወርዳል። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ 1183/2012 የፌዴራል ተቋማትንና የአዲስ አበባን፣ የድሬዳዋን እንጂ የክልል ቢሮን አይይዝም። ስለዚህ በቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ ደብዳቤ ወይም ደረሰኝ ይያዝ፤ ቀን፣ ማኅተም፣ ቁጥር ያለው። ደንብ ወይም መመሪያ ከተገኘ በ84(2) ባለጉዳዩ ራሱ ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ማቅረብ ይችላል። ፍርድ ቤት የተያዘ ክርክር ከሆነ መንገዱ 84(3) ነው፤ ጉባኤው ትርጉም አያስፈልግም ብሎ ከመለሰ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ይግባኝ አለ። ሰዎች የሚሳሳቱት በ83(2) ሠላሳ ቀን ላይ ነው። ቀኑ የሚቆጠረው ጉባኤው ለምክር ቤቱ ካቀረበ በኋላ ነው፤ መኪናው ከቆመበት ቀን አይደለም። ጤፍ ይጠብቃል። ቲማቲም አይጠብቅም።

የሒሳብ ሰው፦ ደረሰኙ «ልዩ ልዩ ገቢ» ብቻ ቢልስ? አብዛኛው እንዲያ ነው የሚጽፈው።

ሰነድ፦ ለአመልካቹ ይሻለዋል። ፈቃድም አገልግሎትም እንዳልሆነ ተቀባዩ ራሱ ጽፎ ፈርሞለታል። ዋናውን ደረሰኝ ግን ለማንም አይስጥ፤ ኮፒውን ያያይዝ።