የሰፈር ታክስ 1 በመቶ ይጨመር? ክርክር ከሴንት ሉዊስ

ባለሱቁ፦ ወገኖች፣ እስቲ ሐሳብ ስጡኝ። ሱቄ ያለበት ጎዳና ላይ የማሻሻያ ዲስትሪክት፣ ማለትም ለጋራ ሥራ የራሱን ታክስ የሚሰበስብ ክልል፣ ይቋቋም ተብሏል። እዚህ አሜሪካ፣ ሚዙሪ ስቴት ውስጥ ሲአይዲ የሚሉት ነው። ከተቋቋመ በጎዳናው ላይ በሚሸጥ ዕቃ 1 በመቶ ሴልስ ታክስ ይጨመራል። ገንዘቡ ለመብራት፣ ለጽዳት፣ ለጥበቃ ነው ይላሉ። የከተማችን መደበኛ ታክስ 9.679 በመቶ ነው። እኔ ጋ 10.679 ሊሆን ነው። መንገድ ተሻግሮ ያለው ሱቅ ግን በድሮው ይቀጥላል። ልደግፍ ልቃወም?

እትዬ ሽሮ፦ ደግፍ እንጂ! ባለፈው ማታ ካንተ ሱቅ ወጥቼ መኪናዬ ጋ እስክደርስ ነፍሴ ልትወጣ ነበር። መብራቱ ከጠፋ ስንት ጊዜው? ከ100 ዶላር 1 ዶላር ነው። የመኪናዬ መስታወት አንዴ ቢሰበር ከዚያ በላይ እከፍላለሁ።

ጋሼ ታክሲ፦ እህቴ፣ የመንገድ መብራት እኮ የከተማው ሥራ ነው። እስከ ዛሬ የከፈልነው ለምን ነበር? ሰፈር ሁሉ የራሱን ታክስ እየጣለ መብራት የሚያበራ ከሆነ፣ ሱቅ የሌለው ሰፈር በጨለማ ይኑር ማለት ነው። እኔ ከዴልማር ጎዳና በስተሰሜን ያሉትን የድሃ ሰፈር መንገዶች በየቀኑ እነዳባቸዋለሁ። እዚያ ምን ተሽጦ ነው 1 በመቶ የሚሰበሰበው?

ቁጥር ወዳድ፦ እኔ የብዙ ሱቆችን ሒሳብ ስለምሠራ ትንሽ ልጨምር። ሕጉ የወጣው በፈረንጆቹ 1998 ነው። ዲስትሪክቱ ይቋቋም ብለው የሚፈርሙት የቦታው ባለቤቶች ናቸው። በንብረት ግምትም በሰው ቁጥርም ከግማሽ በላይ መሆን አለባቸው። ከዚያ ከተማው ስብሰባ ጠርቶ ሕዝቡን ያዳምጣል፣ ምክር ቤቱም ያጸድቃል። ሴልስ ታክሱ ላይ ድምፅ የሚሰጠው ግን በዲስትሪክቱ ውስጥ የሚኖር የተመዘገበ መራጭ ነው። መራጭ ከሌለስ? ያኔ ድምፁ ወደ ባለንብረቶቹ ይሄዳል።

ጨዋታው እዚች ላይ ነው። የዲስትሪክቱን የድንበር መስመር መኖሪያ ቤት እየዘለልክ ካሰመርከው መራጭ የሚባል አይኖርም። አከራዮቹ ራሳቸው ይፈርማሉ፣ ራሳቸው ይመርጣሉ። ከፋዩ ግን ሸማቹ ነው።

በፈረንጆቹ 2015 እዚሁ ሚዙሪ፣ ኮሎምቢያ ከተማ የሆነውን የሰማ አለ? ቢዝነስ ሉፕ የሚባለው ጎዳና ላይ ዲስትሪክት ሲቋቋም መስመሩ መኖሪያ ቤቶችን እየሸሸ ተሰመረ። በኋላ ሲታይ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ውስጥ ቀርታለች። የግማሽ በመቶው ታክስ ዕጣ በእሷ በአንዷ እጅ ወደቀ ተብሎ አገር ጉድ አለ። እሷ ደግሞ ድሃው አስቤዛ ሲገዛ ሊከፍል ነው ብላ አልጣማትም። ቆይቶ ሌሎች ጥቂት መራጮችም ተገኙ። ታክሱ አለፈ፤ 4 ለ3። የኛ ዕድር ሰብሳቢ እንኳ በሰባት ሰው ድምፅ አይመረጥም።

እትዬ ሽሮ፦ ታዲያ አንድ ቦታ እንዲህ ሆነ ተብሎ መብራት ይቅር? አገር ቤት ሰፈራችን ኮብልስቶን ሲነጠፍ እናቴ ከጡረታዋ ላይ አዋጥታለች። መንግሥት ይሥራው ብላ ብትቀመጥ ኖሮ ዛሬም ጭቃ ትረግጥ ነበር።

ጋሼ ታክሲ፦ እናትሽማ ያዋጣችው ለገዛ ደጇ ነው። ኮሚቴውንም አንድ በአንድ ታውቀዋለች። ገንዘቡ ቢጠፋ ቤቱ ድረስ ሄዳ ትጮህበታለች። እዚህ አንድ ሆቴል ብቻውን ዲስትሪክት ነኝ ይላል። እንግዳው የከፈለው 1 በመቶ ተመልሶ ለዚያው ሆቴል ዕድሳት ይሆናል። ይሄ ሰፈር ነው? በፈረንጆቹ 2018 የስቴቱ ኦዲተር የነበሩት ኒኮል ጋሎዌይም የነቀፉት ይህንኑ ነው። አልሚው ቦርዱን ይይዛል፣ ሥራውንም መልሶ ለራሱ ይሰጣል።

ቁጥር ወዳድ፦ ጋሼ፣ እውነት ነው። ግን ሴልስ ታክስን ሰዎች የሚወዱት ያለ ምክንያት አይደለም። ቤዝቦል ሊያይ ከሩቅ የመጣ ሰው መንገዳችንን ይረግጣል፣ ቆሻሻም ይጥላል፤ እሱም የድርሻውን ይከፍላል። በንብረት ላይ ቢጣል ደግሞ አከራዩ ኪራይ ላይ ይደምረው ነበር።

የምግቡ ነገር ግን እኔንም ያንገበግበኛል። በፉድ ስታምፕ፣ ማለትም መንግሥት ለድሃ በሚሰጠው የምግብ ድጎማ፣ የተገዛ ምግብ ላይ ሴልስ ታክስ የለም፣ እሺ። ፉድ ስታምፕ የሌለው፣ ከእጅ ወደ አፍ የሚኖረውስ? ስቴቱ እንኳ ለሌላ ዕቃ 4.225 በመቶ እየወሰደ ለአስቤዛ 1.225 ብቻ ነው የሚያስከፍለው። የሰፈሩ ታክስ እንዲህ ያለ ርኅራኄ የለውም። ጤፍም ሽቶም ያው 1 በመቶ ነው።

ፎቅ ላይ ያለችው፦ ቆይ ቆይ። እኔ እዚያው ጎዳና ላይ አፓርታማ ተከራይቼ ነው የምኖረው። እመርጣለሁ ማለት ነው?

ቁጥር ወዳድ፦ ዜግነት ወስደሽ ከተመዘገብሽ፣ መስመሩም ሕንፃሽን ካልዘለለው፣ አዎ። በግሪን ካርድ ግን አይሆንም።

ባለሱቁ፦ እሷ ትመርጣለች። አከራዬ ይፈርማል። እኔስ? ሱቁ የኪራይ ነው፣ የምኖረው ከከተማው ውጭ፣ ካውንቲ ነው። ታክሱን ከደንበኛ ለቅሜ ለስቴቱ የምልከው እኔ። «ዋጋ ጨመርክ» ተብሎ የሚኮረፈው እኔ። ድምፅ ሲባል ግን የለሁበትም።

ቁጥር ወዳድ፦ በጊዜ ካስገባህ ከሰበሰብከው 2 በመቶውን ታስቀራለህ፤ ከ1 ዶላር 2 ሳንቲም መሆኑ ነው። ቡና አይገዛም! ቀልዱን ትቼ፣ ሕጉ በዲስትሪክቱ ውስጥ ንግድ ያለው ሰው ቦርድ ላይ እንዲቀመጥ ይፈቅዳል። ካለፈ ካለፈ፣ ቦርዱ ውስጥ ግባ። አሁን ግን መጀመሪያ ካርታውን አምጡ በል። መስመሩ የማንን ቤት እንደዘለለ እየው። ታክሱ ስንት ዓመት እንደሚቆይም ጠይቅ፤ ምክንያቱም አንዴ ከተጀመረ ቶሎ የሚነሳ ነገር አይደለም።

እትዬ ሽሮ፦ ካርታውን እዩ፣ አልጠላሁም። እኔ ብቻ መብራቴን።

ጋሼ ታክሲ፦ መብራቱንማ ማን ጠላ። ለከተማው ስልክ ደውለሽ ታውቂያለሽ ግን?

እትዬ ሽሮ፦ ሦስት ጊዜ።

ባለሱቁ፦ የከተማው ስብሰባ ማክሰኞ 12 ሰዓት ነው። ካርታውን ያኔ ያሳያሉ ተብሏል። የምትመጡ አሳውቁኝ፣ ብቻዬን አልሂድ።

ፎቅ ላይ ያለችው፦ 12 በኛ ነው በነሱ?

ባለሱቁ፦ በኛ። ማታ፣ ከሥራ መልስ።