«ነርቭ አሳዳጊ» ወይስ «ነርቭ መጋቢ»? በአለርጂ ብግነት ዙሪያ ያሉ ቃላት

ተርጓሚዋ፦
ሰላም ለቋንቋ ወዳጆች። ስለ ችፌ፣ ስለ አስምና በተለምዶ «ሳይነስ» ስለሚባለው የአፍንጫ አለርጂ የሚያስረዳ ባለ አራት ገጽ ጽሑፍ አዳማ ለሚታከሙ ሰዎች በአማርኛ እየተዘጋጀ ነው። አንድ አንቀጽ አልገራ ብሏል። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ለነርቭ እድገት የሚያስፈልጉ ፕሮቲኖች በአለርጂ ጊዜ በዝተው ይገኛሉ፤ የመከላከያ ሕዋሳትን ያነቃቃሉ፣ ዕድሜያቸውንም ያረዝማሉ። ረቂቁ «የነርቭ አሳዳጊ ፕሮቲን» ይላል። አንባቢዎች ግን «ነርቭ ቢያድግ ምን ክፋት አለው? ከማስነጠስስ ጋር ምን አገናኘው?» እያሉ ነው። ሦስት ጥያቄ ላንሳ። «አሳዳጊ» ትክክል ነው? «ብግነት»፣ «መቆጣት»፣ «ኢንፌክሽን» የቱ የት ይገባል? ነርቭና የመከላከያ ሕዋስ እርስ በርስ የሚባባሱበትን ዑደት «እከክልኝ ልከክልህ» ማለትስ ያስኬዳል?

የግዕዝ መምህሩ፦
ከስሙ እንነሳ። የፕሮቲኖቹ የወል ስም ኒውሮትሮፊን ነው። መጨረሻው «ትሮፌ» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ ምግብ፣ ምገባ ማለት ነው። እድገት የሚል ነገር ውስጡ የለም። «አሳዳጊ» ደግሞ በአማርኛ የልጅ ነገር ነው፤ «አሳዳጊ የበደለው» ስንል የልጅነትን ጉድለት ነው የምናነሳው። ልጁ ካደገ የአሳዳጊ ሥራ ያበቃል። እነዚህ ፕሮቲኖች ግን በአዋቂ ሰው ቆዳና ሳንባ ውስጥም አሉ።

እኔ «ነርቭ መጋቢ» እላለሁ። «መገበ» በግዕዝ ሁለት ነገር አንድ ላይ ይዟል፤ አበላ ማለት ነው፣ አስተዳደረ ማለትም ነው። «መጋቤ ሐዲስ» የምንለው መምህር የሚመግበው እንጀራ አይደለም። «መጋቢ መንገድ» ደግሞ ዋናውን ጎዳና ይመግባል። ፕሮቲኑም ሕዋሱን በሕይወት ከማቆየት አልፎ ምን መሥራት እንዳለበት የሚያዝ ከሆነ ሁለቱንም ትርጉም የሚሸከም ሌላ ቃል አይታየኝም። እርግጡን ሐኪሟ ይንገሩን።

የቆዳ ሐኪሟ፦
መምህር፣ ያሉት ከታሪኩም ጋር ይገጥማል። ከቤተሰቡ መጀመሪያ የተገኘው ኤንጂኤፍ ነው፤ የእንግሊዝኛው ስም «ነርቭ ግሮውዝ ፋክተር» (የነርቭ እድገት ፕሮቲን እንደ ማለት) ሲያጥር ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጣሊያናዊቷ ተመራማሪ ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ከጫጩት ፅንስ የተወሰደ የነርቭ ቋጠሮ ከካንሰር ዕጢ አጠገብ ሲቀመጥ ክሮቹ እንደ ፀሐይ ጨረር ዙሪያውን ሲፈነጥቁ አዩ። መጀመሪያ የታየው ማደጉ ስለነበር ስሙ ከዚያ ወጣ፤ እርሳቸውና ስታንሊ ኮኸን በ1986 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ዋናው ሥራው ግን ማቆየት ነው። በፅንስ ጊዜ ኤንጂኤፍ ያላገኙ የሕመም ስሜት ነርቮች ይሞታሉ። በ1977 ደግሞ ሌቪ ሞንታልቺኒና ሉዊጂ አሎ አዲስ ለተወለዱ አይጦች ኤንጂኤፍ ሲወጉ ማስት ሴሎች (አለርጂን የሚቀሰቅሱ የመከላከያ ሕዋሳት) ተበራከቱ። ከዚያ በኋላ «የነርቭ» የሚለውም ብቻውን አልበቃ አለ። ፕሮቲኑ የሚመግበው ጎረቤቱንም ነው።

እንዴት ሁለቱን ይመግባል ለሚለው፣ ነገሩ በተቀባዮቹ፣ ማለትም ሕዋሱ ላይ ሆነው መልእክቱን በሚይዙት ፕሮቲኖች ነው። ኤንጂኤፍ ትራክ ኤ የሚባለውን ተቀባይ ይይዛል። ሁለተኛው የቤተሰቡ አባል ቢዲኤንኤፍ (በ1982 ከአሳማ አንጎል ተጣርቶ የወጣው) ትራክ ቢን ይይዛል። ፒ75 የሚባለው ተቀባይ ሁሉንም ያስተናግዳል። ትራክ ኤ ነርቭ ላይ አለ፣ ማስት ሴል ላይም አለ። አንድ መልእክት ሁለት ቤት የሚደርሰው በዚህ ነው።

አሁን ዑደቱን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። አለርጂ ያለበት ሰው ማስት ሴሎቹ አይጂኢ የተባለውን ፀረ እንግዳ አካል ለብሰው ይጠብቃሉ። የአበባ ብናኝ ወይም የቤት አቧራ ውስጥ ያለው ነገር አይጂኢውን ሲያያይዘው ሴሉ በደቂቃዎች ውስጥ ጭነቱን ያራግፋል፤ ሂስታሚን፣ ትሪፕቴዝ፣ ኤንጂኤፍም አብሮ። ኤንጂኤፉ ቅርቡ ያለውን የነርቭ ጫፍ ያገኛል። ጫፉ ላይ ቲአርፒቪ1 የሚባል በር አለ፤ ሚጥሚጣ ሲነካን የሚያቃጥለን በዚሁ በር ነው። በጤናማ ጊዜ በሙቀት የሚከፈተው 43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ኤንጂኤፍ ሲደርሰው ከዚያ ባነሰ ሙቀት መከፈት ይጀምራል። ነርቩ ሆደ ባሻ ሆነ ማለት ነው፤ በትንሹ ያለቅሳል። የችፌ ሕሙማን ብርድ ልብስ ውስጥ ሲሞቃቸው ማሳከኩ የሚብሰው አንዱ ምክንያት ይኸው የነርቮቹ ስስ መሆን ነው።

ነርቩ በተራው ዝም አይልም። ኤንጂኤፍ ያገኘ ነርቭ ሰብስታንስ ፒ የተባለውን ንጥረ ነገር በብዛት ያመርታል። ሰብስታንስ ፒ ደም ሥሮችን አስፍቶ ፈሳሽ ያሳልፋል፣ ማስት ሴሉንም አይጂኢ ሳያስፈልገው እንደገና ያስራግፈዋል። በችፌ ቆዳ ላይ የላይኛው ሽፋን ሕዋሳት ራሳቸው ኤንጂኤፍ ስለሚያመነጩ የነርቭ ቅርንጫፎች በዝተው ወደ ላይ ይወጣሉ። አለርጂ ያመጣው ነገር ከሄደ በኋላም እከኩ የሚቀጥለው ለዚህ ነው፤ በጽሑፉ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ደምቆ ይውጣ ብትይኝ ይህን እመርጣለሁ።

የላብራቶሪ ባለሙያው፦
ኢዮሲኖፊል የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ እንዳይረሳ። ከመጀመሪያው ማራገፍ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ወደ ቦታው የሚተመው እሱ ነው። ኤንጂኤፍና ቢዲኤንኤፍ የሚጎዱን በዋናነት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ኢዮሲኖፊል ደም ውስጥ የሚቆየው ከአንድ ቀን ያነሰ ነው፤ ሥራውን ጨርሶ በሥርዓት መሞት አለበት። ነርቭ መጋቢዎቹ ሞቱን ያዘገዩታል። ቢዲኤንኤፍ የችፌ ሕሙማንን ኢዮሲኖፊል ዕድሜ ሲያረዝም የጤነኞቹን አላረዘመም፤ ኢዮሲኖፊሉም ራሱ ሁለቱን ፕሮቲኖች ያመርታል። ስለዚህ «ያነቃቃሉ» ከሚለው ይልቅ «እንዳይሞቱ ያደርጋሉ» የሚለው ይጉላ።

ስሞቹም ለዚህ ውይይት ይመቻሉ። ሁለቱንም ሕዋሳት፣ ማስት ሴልንና ኢዮሲኖፊልን፣ በቀለም ለይቶ የሰየማቸው ጀርመናዊው ሳይንቲስት ፓውል ኤርሊሽ ነው፤ ማስት ሴልን በ1878፣ ኢዮሲኖፊልን በዓመቱ። «ማስት» ጀርመንኛ ሲሆን ማድለብ ማለት ነው። ኤርሊሽ ሕዋሱ በቅንጣት ተሞልቶ ሲያየው ብዙ የበላ መሰለው። ቅንጣቶቹ ግን ምግብ አልነበሩም፤ ሕዋሱ ሠርቶ ያከማቸው ኬሚካል ነው። «ኢዮሲን» ደግሞ ኢዮስ ከምትባለው የግሪኮች የጎህ አምላክ ስም የወጣ ቀይ ቀለም ነው፤ «ፊል» ወዳድ ነው።

የግዕዝ መምህሩ፦
«ድልብ ሕዋስ»! ድልብ ሰንጋ የማያውቅ አንባቢ የለም። ኤርሊሽ በምክንያቱ ቢሳሳትም ምስሉ ይቀራል፤ መጋቢ አለና ድልብ አለ።

ሌላም ልብ አልኩ። ሐኪሟ «ጭነቱን ያራግፋል» አሉ፣ አንተ ወንድሜ ደግሞ «በሥርዓት መሞት» አልክ። ያ የሕዋስ ሞት በ1972 «አፖፕቶሲስ» ተብሎ ሲሰየም ቃሉ የተመረጠው ግሪኮች ለቅጠል መርገፍ ስለሚሉት ነበር። በእኛ ዘንድ ማራገፍና መርገፍ ከአንድ ሥር ናቸው፤ ረገፈ፣ አራገፈ። ቅጠልም ይረግፋል፣ ሠራዊትም ይረግፋል፤ የመኪና ጭነትም ይራገፋል። ስለዚህ አንቀጹ በአንድ ሥር ሊቆም ይችላል፦ ድልቡ ሕዋስ በማይገባው ጊዜ ያራግፋል፤ ኢዮሲኖፊሉ መርገፍ ባለበት ጊዜ አይረግፍም።

ተርጓሚዋ፦
መምህር፣ ይህን እወስዳለሁ። «ሕዋስ» የሚለው ግን ያሳስበኛል፤ በድሮው መጻሕፍት «አምስቱ ሕዋሳት» ማየት፣ መስማት፣ ማሽተት፣ መቅመስ፣ መዳሰስ ናቸው።

የግዕዝ መምህሩ፦
ልክ ነሽ። ዛሬ በትምህርት ቤት ሕዋስ የአካል መሠረታዊ ክፍል ሆኗል፣ ተተክሏል፤ አይነቀልም። «የስሜት ሕዋስ» ከሚለው ብቻ ሽሺ፤ ሁለቱ ትርጉሞች የሚጋጩት እዚያ ነው። «የስሜት ነርቭ» በይ።

የላብራቶሪ ባለሙያው፦
«ድልብ ሕዋስ» ያምራል፤ ነገር ግን ሕመምተኛው ሐኪም ቤት ሄዶ የሚሰማው «ማስት ሴል» ነው። አንድ ጊዜ «ድልብ ሕዋስ የሚባለው ማስት ሴል» ብሎ አስተዋውቆ ከዚያ በማስት ሴል መቀጠል ይሻላል።

ጽሑፉ ስለ ምርመራ የሚለው ካለም ሁለት ነገር ይታረም። አንደኛ፣ ኢዮሲኖፊል መብዛት አለርጂ ማለት አይደለም። ቁጥሩ የሚወጣው ጠቅላላውን ነጭ የደም ሕዋስ በመቶኛው በማባዛት ነው፤ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም 8,000 ሆኖ 12 በመቶው ኢዮሲኖፊል ከሆነ 960 ነው፣ ከ500 በላይ ከፍ ያለ ይባላል። በእኛ አገር ግን ወስፋትና መንጠቆ ትልም ይህንኑ ቁጥር ያመጣሉ፤ የሰገራ ምርመራ ይቅደም። ደሙ በማይክሮስኮፕ ለማየት ስላይድ ላይ ሲቀለምም የውሃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) 6.8 አካባቢ መሆን አለበት። ካለፈ ሁሉም ወደ ሰማያዊ ሄዶ የኢዮሲኖፊል ቅንጣት ይደበዝዛል፣ ቆጣሪውም ያሳንሰዋል።

ሁለተኛ፣ ኤንጂኤፍና ቢዲኤንኤፍ የምርምር እንጂ የዘወትር ምርመራ አይደሉም፤ «ተመርመሩ» የሚል እንዳይገባ። በምርምርም ቢሆን «በደም ውስጥ» የሚለው አገላለጽ ያሳስታል። ቢዲኤንኤፍ በብዛት ያለው ፕሌትሌት (ደም የሚያረጋው የደም ክፍል) ውስጥ ነው፤ ደም ሲረጋ ይለቀቃል። ስለዚህ ከረጋ ደም የሚወጣው ሴረም ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ኢዲቲኤ ባለበት ቱቦ ከሚወጣው ፕላዝማ እጅግ ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ሁለቱን ማነጻጸር ጤፍን ከነገለባው ከተበጠረ ጤፍ ጋር እንደ መመዘን ነው። ሴረም ከተመረጠ ሁሉም ናሙና እኩል ጊዜ፣ ለምሳሌ 30 ደቂቃ ይርጋ፤ ፕላዝማ ከተመረጠ ሴንትሪፊዩጁ ፕሌትሌቱን እስኪያወርድ በደንብ ይሽከርከር፤ ከዚያ ተከፋፍሎ 80 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይቀመጥ። አንዱን ናሙና ደጋግሞ ማቅለጥ ውጤቱን ያበላሻል።

ፋርማሲስቷ፦
ሁለተኛውን ጥያቄ እኔ ልውሰደው፤ መድኃኒት ላይ ጉዳት የሚያመጣው እሱ ነው። ኢንፌክሽን ተሐዋስያን ገብተው ሲራቡ ነው። ብግነት የአካሉ የራሱ ምላሽ ነው፤ መቅላት፣ መጋል፣ ማበጥ፣ መታመም። ብግነት ያለ ኢንፌክሽን ይኖራል፣ አለርጂም እንዲያ ነው። ጽሑፉ አለርጂን «ኢንፌክሽን» ካለ ሰው አሞክሲሲሊን ፍለጋ ይመጣል፤ ለእከኩ ምንም አይጠቅመውም። «መቆጣት» ለሕዝብ ቀላል ነው፣ «ጨጓራዬ ተቆጣ» ይባላልና።

አንድ ነገር ልጨምር። እንደ ሴቲሪዚን ያለው መድኃኒት (ለአዋቂ በቀን አንድ ጊዜ 10 ሚሊ ግራም) የሚዘጋው የሂስታሚንን ተቀባይ ብቻ ነው። ማራገፉን አያስቆምም፣ ኤንጂኤፍንም አይነካም። ለማስነጠስ ጥሩ የሚሠራው መድኃኒት ለችፌ እከክ የሚያንሰው ለዚህ ነው። ችፌ ቆዳን የሚያለሰልስ ቅባት በቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜና በሐኪም የታዘዘ የስቴሮይድ ቅባት ይፈልጋል። ሕሙማን ይህን ካላወቁ ኪኒኑን ይደራርባሉ።

የግዕዝ መምህሩ፦
«በገነ» ነደደ፣ ተቃጠለ ነው። «ብግን አደረገኝ» የሚል ሁሉ ቃሉን ያውቀዋል፤ ላቲኑም ከእሳት ነው የመጣው። በርዕስ «ብግነት»፣ በማብራሪያው «መቆጣት» ይሁን።

«እከክልኝ ልከክልህ» ላይ ግን አልስማማም። አባባሉ ሁለት ሰዎች ተመሳጥረው የሚጠቃቀሙበትን ነው የሚነካው፤ ወቀሳ አለበት። እዚህ የሚጠቀም ማንም የለም።

የቆዳ ሐኪሟ፦
እከክ ስላለበት ለሕሙማን የሚቀርብ መስሎኝ ነበር። አደጋው ግን ይታየኛል፤ ማከክን መልካም ነገር ያስመስለዋል፣ እኛ ደግሞ እንዲተዉ ነው የምንለምናቸው። ቆዳ በታከከ ቁጥር ሽፋኑ ይላላል፣ አለርጂ የሚያመጣው ነገር ይገባል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ»ስ?

የግዕዝ መምህሩ፦
እሱ መደራረብ ነው እንጂ መመላለስ የለበትም። «ጫረ» የሚለውን እዩልኝ። ጥፍር ቆዳ ይጭራል፣ ሰው ክብሪት ይጭራል፣ ነገረኛም ነገር ይጭራል። መቧጨርም እሳት ማስነሳትም በአንድ ግስ።

ተርጓሚዋ፦
እንግዲያው አንቀጹ ይህን መሰለ፦ «ነርቭ መጋቢ ፕሮቲኖች ነርቮችን በሕይወት ያቆያሉ። በአለርጂ ብግነት ጊዜ ግን ይበዛሉ። ድልብ ሕዋስ የሚባለው ማስት ሴል ጭነቱን ሲያራግፍ እነሱም ይወጣሉ፤ የነርቩ ጫፍ በትንሽ ነገር የሚቆጣ ይሆናል። የተቆጣው ነርቭ ማስት ሴሉን መልሶ ያስራግፈዋል። ኢዮሲኖፊል የተባሉት ሕዋሳትም በጊዜያቸው አይረግፉም። አንዱ ይጭራል፣ ሌላው ያቀጣጥላል። ሽፍታው ላይ ጥፍርዎን አያሳርፉ።»

የላብራቶሪ ባለሙያው፦
«ይበዛሉ» ከሚለው በፊት «በብዙ ሕሙማን» ይግባ፤ በሁሉም ላይ እኩል አይጨምሩም።

የግዕዝ መምህሩ፦
«ሽፍታ»ው ይቆይ። «ሰውነቴን ሽፍ አለኝ» ከሚለው ነው፣ ከጫካው ሽፍታ ጋር በድምፅ እንጂ በሥር አይገናኝም። «አያሳርፉ» ግን «ማሳረፍ» ዕረፍትንም ስለሚያስታውስ «ጥፍርዎን አይስደዱበት» ቢባል ይሻላል።