ውሻችን ሳያጉረመርም መንከስ ጀመረ፣ ምን ይሻላል?

የቆጪዋ፦
ሰላም ናችሁ ወገኖች፣ እኔ ያለሁት ጅማ ነው ቆጪ ሰፈር። ሦስት ዓመት የሞላው ወንድ ውሻ አለን ቡቺ ይባላል፣ ቀን ይታሰራል ማታ ይፈታል ያው ጅቡም ሌባውም ስላለ። ድሮ አጥንት ይዞ ሰው ሲጠጋው ያጉረመርም ነበር፣ ባለቤቴ እንዳይባልግ እያለ በዱላ ሲለው እውነትም ማጉረምረሙን ተወ፣ ደስ ብሎን ነበር። እሁድ ግን የእህቴ ልጅ፣ ገና 6 ዓመቱ ነው፣ ኳሱ አጥንቱ ጋ ተንከባለለችበትና ሊያነሳ ጎንበስ ሲል አንድም ድምፅ ሳያሰማ እጁን ያዘው። ሁለት ቦታ ደምቷል፣ ትልቅ አይደለም፣ በአረቄ ጠርገን በጨርቅ አሰርንለት። ጎረቤት ሁሉ ግደሉት እያለ ነው፣ እኔ ደግሞ አንጀቴ አልቻለም። ካርዱን ሳየው ክትባቱም ጊዜው አልፏል። ምን ትሉኛላችሁ?

አዌቱ ዳር፦
እህቴ የውሻው ይቆይ፣ መጀመሪያ ልጁ! ዛሬ ማክሰኞ ነው እኮ። ጨርቁን ፍቺና ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቢው፣ ከዛ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ወይ ሆስፒታል ወስደሽ የእብድ ውሻ ክትባት ጠይቂ። ትንሽ ናት ብለሽ እንዳትተዪ፣ ይሄ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ አያድንም። ፀበሉም ይሁን ክትባቱ ግን አይቅር። ውሻውን ደግሞ አትግደሉት፣ አዝኜለት አይደለም፣ 10 ቀን ታስሮ መታየት ስላለበት ነው። 10 ቀን በጤና ከቆየ ሲነክሰው ምራቁ ላይ በሽታው አልነበረም ማለት ነው። ግን እሱን እየጠበቃችሁ የልጁን ክትባት እንዳታዘገዩ።

ፈረንጅ አራዳ፦
ውሻ ካልነከሰ ምኑን ውሻ ሆነ ሃሃ። እኛ ቤት እንዲቆጣ ብለው ሚጥሚጣ በስጋ ያበሉት ነበር።

ቬት ተማሪ፦
ወንድሜ ሚጥሚጣው ሆዱን ያቃጥለዋል እንጂ ጥበቃ አያስተምረውም።
የቆጪዋ፣ እዚሁ ጅማ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነኝ። ማጉረምረም እኮ የውሻ ንግግር ነው፣ "ራቅ በልልኝ" ማለቱ ነው። ዱላው ያስቀረው ድምፁን ነው፣ ምግቤን ይወስዱብኛል የሚለው ፍርሃቱ እዛው አለ፣ ስለዚህ አሁን ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ድምፅ ባይኖርም ሰውነቱ ግን ይናገራል፦ ማኘኩን ቀጥ ያደርጋል፣ አጥንቱ ላይ ይደፋል፣ ሳይዞር በዓይኑ ነጭ ያይሻል። ጭራውን ቆላ ብለሽም አትዘናጊ፣ ገትሮ የሚቆላ ውሻም ይነክሳል።
ለጊዜው አጥንት ይቅርበት፣ ልጅ በማይደርስበት ቦታ ብቻውን ይብላ፣ ከአፉም ምንም አትቀሙት። 10 ቀኑ ሲያልፍ አንቺ ወይ ባለቤትሽ፣ ልጆች አይደሉም፣ ተራ ምግቡን ሲበላ ከሩቅ ቁራጭ ስጋ ወርውራችሁለት ዞር በሉ። የሰው መምጣት ስጋ እንደሚያመጣ ሲገባው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየቀረባችሁ፣ ደረቅ ካለ ቸኩላችኋልና ወደኋላ። ዱላው ግን ይቁም በቃ። አጭር ሰንሰለትም ያብሰዋል፣ መሸሽ የማይችል ውሻ ያለው አማራጭ ጥርሱ ነው፣ ግቢው ከበቃ ሽቦ ወጥራችሁ ሰንሰለቱ በቀለበት እንዲንሸራተትበት አድርጉ። አኮላሹት የሚልሽም ይኖራል፣ በፍርሃት ለሚነክስ ውሻ እሱ ብቻውን መፍትሄ አይሆንም። ሌላው ደግሞ፣ የሚያመው ነገር አለ? ጥርስ፣ ጆሮ?

የቆጪዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ልጁ የመጀመሪያውን መርፌ ተወግቷል፣ ከንክሻው ይልቅ በመርፌው ነው ያለቀሰው። ጆሮ ስትል ደነገጥኩ፣ ከክረምቱ ጀምሮ ግራ ጆሮውን የታሰረበት ቋሚ ላይ እያሸ እያሸ እንጨቱ ለስልሷል፣ እኛ እኮ እያከከ ነው ብለን ዝም። ባለቤቴም ይሄን አንብቦ ዝም ብሏል፣ ዱላዋን ግን ከበሩ ጀርባ አንስቷታል። አሁን ክሊኒክ ልውሰደው?

ቬት ተማሪ፦
10 ቀኑ ሳያልፍ ከግቢ አታውጪው፣ የእንስሳት ሐኪም እቤት ድረስ ጥሪ፣ እንደነከሰም አስቀድመሽ ንገሪው አፉን እንዲያስርበት። ጆሮውን ራስሽ እንዳትነኪ። መብላት ካቆመ፣ ለሃጩ ከተዝረከረከ ወይ ጩኸቱ ከተቀየረ ማንም አይጠጋው፣ ወዲያው አሳውቂ። ደህና ከሆነ ደግሞ 10 ቀኑ እንዳለቀ አስከትቢው፣ ከዛ በየዓመቱ።

አዌቱ ዳር፦
ኳሷስ?

የቆጪዋ፦
እሱ ጋ ናት አሁንም፣ ማን ደፍሮ ያንሳ።

አዌቱ ዳር፦
ለልጁ ሌላ ግዢለት።